ጀርባን ለአውሮፕላኑ መስጠት

ከአየር ትርኢት የሚመለስ ፎቶ አንሺ ካርዱ ላይ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ሰማያዊ መደብ ላይ የተለጠፈች አውሮፕላን። ጥርት ያለች ናት፤ ክንፏ ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። ግን ያው ፎቶ ቺካጎም ቢነሳ ቢሾፍቱም ቢነሳ ልዩነት የለውም። የውሃ ዳር ትርኢትን የውሃ ዳር ትርኢት የሚያደርገው ከታች ያለው ነው፦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሽቅብ የሚያንጋጥጥ አባወራ፣ ጄት ጆሮ እየቀደደ ሲያልፍ እናቱ ጀርባ ላይ የሚያንቀላፋ ሕፃን፣ ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ መረቡን የሚፈታ ዓሣ አጥማጅ። ፈገግ የሚያሰኘው ፎቶ፣ ከታች ያለውን ከላይ ካለው አውሮፕላን ጋር የሚያነጻጽረው፣ ያለው እዚያ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ጀርባን ለአውሮፕላኑ መስጠት ያስፈልጋል።

ጎንደር በጄት ትርኢት የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ይህን ሙያ ለመልመድ ግን ከጎንደር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በጥር ጥምቀተ ባሕሩ አለ፤ ሺህ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይበት። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ አለ፤ ታንኳ ከሞተር ጀልባ፣ ፔሊካን ከአውሮፕላን ጋር የሚገናኝበት። እዚህ የለመደ ዓይን ነገ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የአየር ኃይል በረራ ቢገጥመው አይደናገርም።

የቅኔ ሰዎች ኅብር የሚሉት ነገር አለ፤ አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ተሸክሞ ሲገኝ። የንጽጽር ፎቶም ኅብር ይፈልጋል። ከታች ዥንጥላ፣ ከላይ አውሮፕላን መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የሚነካኩበት ነጥብ ወይም የሚያመሳስላቸው ቅርጽ መኖር አለበት፦ የፔሊካኑ ክንፍና የአውሮፕላኑ ክንፍ፣ የታንከኛው ዘንግና ጄቱ ጥሎት የሄደው ነጭ መስመር፣ የባልቴቷ ዥንጥላና ከሰማይ የሚወርደው ፓራሹት። ኅብሩ ከሌለ ፎቶው ውስጥ ሁለት ወሬ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይቀራል፤ ተመልካቹም የቱን ልይ ብሎ ሳይወስን ያልፈዋል።

ብዙ ሰው ከሌንስ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከእግር ነው። ሁለት ነገሮች ፎቶ ላይ አንዱ ከሌላው ምን ያህል ገዝፎ እንደሚታይ የሚወስነው ሌንሱ አይደለም፤ ከካሜራው ያላቸው ርቀት ነው። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን 32.8 ሜትር ይረዝማል። ቁመቱ 1.7 ሜትር የሆነ ሰው የዚህ አንድ አሥራ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከካሜራው 600 ሜትር ርቆ ሲያልፍ የሰውየው ቁመትና የአውሮፕላኑ ርዝመት እኩል ሆነው እንዲታዩ ሰውየው 31 ሜትር ላይ መቆም አለበት። 5 ሜትር ላይ ከቆመ አውሮፕላኑ ትከሻው ላይ ያረፈች እርግብ ያህላል። 100 ሜትር ላይ ከቆመ ደግሞ ሰውየው የአውሮፕላኑን አንድ ሦስተኛ ብቻ አክሎ ሕዝቡ መሃል ይጠፋል። ዙም ቢደረግ ሁለቱም እኩል ያድጋሉ እንጂ ንጽጽሩ ንቅንቅ አይልም።

በትልልቅ ትርኢቶች ላይ ርቀቱን በግምት መፈለግም አያስፈልግም፤ በሕግ የተወሰነ ነው። ቺካጎ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ከ1959 ጀምሮ የሚካሄደውን የመሰሉ ትርኢቶች ውሃውን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት አውሮፕላኖቹ በሕዝቡ አናት ላይ እንዳይበሩ ነው፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ በሆነ መስመር ውሃው ላይ ያልፋሉ። በአሜሪካ ደንብ ፈጣን ጄት ከተመልካቹ ቢያንስ 1,500 ጫማ፣ ማለትም 457 ሜትር መራቅ አለበት፤ ትንንሾቹ የአክሮባት አውሮፕላኖች እስከ 500 ጫማ፣ ወደ 152 ሜትር ድረስ ይቀርባሉ። 18.3 ሜትር የሚረዝመውን ሱፐር ሆርኔት የተባለ ተዋጊ ጄት በ457 ሜትር ብናሰላው ሰውየው የሚቆመው 42 ሜትር ላይ ነው። 7 ሜትር የምትረዝመውን የአክሮባት አውሮፕላን በ152 ሜትር ብናሰላት 37 ሜትር ይመጣል። ከኪው 400ው 31 ሜትር ጋር ሦስቱም ከ30 እስከ 45 ባለው ውስጥ መውደቃቸው ነው ሥራውን የሚያቀልለው። ትርኢቱ ሳይጀመር ከተመረጠው ሰው ወይም ጀልባ ሃምሳ እርምጃ ወደኋላ ማፈግፈግ በቂ ነው። ይህ ደግሞ ሁሉም ከሚጋፋበት ከውሃው አፍ ተነስቶ ከሕዝቡ ኋላ መቆም ማለት ነው። ቦታው አያጣላም፤ ማንም አይፈልገውምና።

ሌንስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል በሆነው) 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ 600 ሜትር ላይ ያለውን ኪው 400 የፍሬሙን ስፋት 13 በመቶ ያህል ያደርገዋል፤ 200 ሚሊ ሜትር 30 በመቶ ያደርሰዋል። የስልክ ዋናው ካሜራ ወደ 26 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ 4 በመቶ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሁለተኛ ሌንስ ያለው ስልክ ግን 12 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ጣት እየለጠጡ በስክሪን ማቅረብ ጥቅም የለውም፤ ቤት ገብቶ ከመቁረጥ የሚለይ ነገር አይጨምርም፤ ይልቁንም የፍሬሙን ጠርዝ አስቀድሞ ያስጥላል።

እኔ 85ቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ፎከስ ነው። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ኤፍ 11 ላይ አድርጎ (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) 22 ሜትር ላይ ፎከስ ቢደረግ ከ11 ሜትር ጀምሮ እስከ ሰማዩ ጥግ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሰውየው 31፣ አውሮፕላኑ 600 ሜትር ላይ ቢሆኑ ችግር የለም። በ200 ሚሊ ሜትር ግን በዚያው ኤፍ 11 ሰውየው ላይ ፎከስ ከተደረገ አውሮፕላኑ ይደበዝዛል፤ አውሮፕላኑ ላይ ከተደረገ ሰውየው። የግድ 200 ካስፈለገ ኤፍ 16 ተደርጎ ፎከሱ በሁለቱ መካከል፣ 60 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ድንጋይ ወይም ጀልባ ላይ ይያዝና ካሜራው እንዳይቀይረው ወደ ማንዋል ይቆለፍ። አውቶ ፎከስን ክፍት መተው የብዙ ፎቶ መሞቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ፍሬሙ ውስጥ ሲገባ ካሜራው የትኛውን ልያዝ ብሎ ሲዋልል ቅጽበቱ ታልፋለች።

የሹተር፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ላይ ደግሞ የአየር ትርኢት መምህራን ሁሉ የሚሰጡት ምክር እዚህ አይሠራም። ፕሮፔለሩ ቆሞ እንዳይታይ በ1/125 ሴኮንድ አንሱ፣ ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ጋር እያዞራችሁ ተከተሉ ይላሉ። ለብቻዋ ለምትነሳ አውሮፕላን ትክክል ነው፦ የኪው 400 ፕሮፔለር በመደበኛ በረራ በደቂቃ 850 ጊዜ ስለሚዞር በ1/125 ሴኮንድ 41 ዲግሪ ይሄዳል፤ ስድስት ምላጭ ስላለው ክቡ የሞላ ይመስላል። ነገር ግን ካሜራው አውሮፕላኑን ተከትሎ ከዞረ ከታች ያለው ሰው ይላቆጣል። የንጽጽር ፎቶ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ነው የሚነሳው፤ አውሮፕላኑ ራሱ ነው ወደ ተዘጋጀው ፍሬም የሚገባው። ለማረፍ የተቃረበ ኪው 400 በሴኮንድ 65 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/500 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። በሴኮንድ 200 ሜትር ለሚሄድ ጄት 1/1600 ይሻላል። ፕሮፔለሩ በ1/500 አሥር ዲግሪ ብቻ ስለሚዞር ምላጮቹ በከፊል ይለያሉ፤ ይህን መቀበል ነው፤ የፎቶው ነገር ከታች ካለው ሰው ጋር ነውና።

በጠራ የጥር ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ልክ) 200፣ ኤፍ 11፣ 1/500 ተብሎ በማንዋል ቢቀመጥ ይስማማል። ለጄቱ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8፣ 1/1600 ይሁን። ለካሜራው መተው የማይሆነው ሕዝቡ በለበሰው ነጭ ነጠላ የተነሳ ነው። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል። ሰማዩ ከሞላው ደግሞ ከታች ያሉት ሰዎች ጥላ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። መመዘኛዬ የነጠላው ጥበብ ነው፦ ስክሪኑ ላይ ሲቀርብ የጥለቱ ክርና የሸማው ሽመና የሚታይ ከሆነ ብርሃኑ ልክ ነው፤ ፎቶው በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይነካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ከተነሳ፣ የጨለሙትን ፊቶች በኋላ ማድመቅ ይቻላል። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

አውሮፕላኑ ጣት ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ፣ ፓራሹቱ በመዳፍ እንዲያዝ የሚመኝ ሰው በርስትን፣ ማለትም ካሜራው በተከታታይ ማንሳቱን ይተማመናል። ሒሳቡ ግን ያሳዝናል። በሴኮንድ 10 የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ፎቶ መካከል ኪው 400ውን 6.5 ሜትር ያስኬደዋል፤ ጄቱን 20 ሜትር፣ ማለትም ከራሱ ርዝመት የሚበልጥ። ስለዚህ መነካኪያው ሰፊ መሆን አለበት። የጣት ጫፍ ሳይሆን የዥንጥላ ጠርዝ፣ የአንድ ልጅ ባርኔጣ ሳይሆን የአንድ ሙሉ አግዳሚ የተቀመጡ ሰዎች ጭንቅላት። መስመር ከነጥብ ይሻላል። ፓራሹት ግን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለነጥብም ይታገሣል፤ ጀማሪ ከእሱ ቢጀምር ተስፋ አይቆርጥም።

ከሁሉ የምወደውን ንጽጽር የሚሠራው ድምፅ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በዚያች ሦስት ሴኮንድ ጄቱ 600 ሜትር ርቋል። ስለዚህ ሕዝቡ ጩኸቱን ሰምቶ ቀና ሲል የሚያየው አውሮፕላኑ የነበረበትን ባዶ ሰማይ ነው፤ ጣቶች ሁሉ ወደ ምንም ይጠቁማሉ፣ አውሮፕላኑ በዚያ በኩል ወጥቶ ሄዷል። ይህን በአንድ ፍሬም ለመያዝ ሰፊ ሌንስ፣ 24 ወይም 28፣ ይሻላል፤ ሰዎቹን በግራ አድርጎ አውሮፕላኑ የሚወጣበትን የቀኙን ጥግ ባዶ መተው ነው። ጩኸቱ ሳይደርስ ጣት መዝጊያው ላይ መሆን አለበት፤ ፎቶው ያለው ድምፁ ከደረሰ በኋላ ባለችው አንዲት ሴኮንድ ነው።

አሁን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ ጥር 11 ንጋት ላይ ጸሎቱ ደርሶ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ይዘላል። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ገንዳውን ሞልቶታል፤ መሃል ላይ የአጼ ፋሲል ሕንፃ ቆሟል፤ ዙሪያውን የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጦ ይዟል። ዓይን ሁሉ ወደ ውሃው ነው። ለአየር ትርኢት የሚሆነው ልምምድ ያለው ተቃራኒው ጎን ነው፤ ግንቡን ተደግፈው የቀሩት፣ ሥሩ ላይ የተንጠለጠሉት፣ ከሕዝቡ ኋላ ያሉት።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ዲያቆን ባለ ከፋይ ዥንጥላውን ይዟል፤ የጠርዙ ወርቃማ ዘርፍ በነፋስ ይወዛወዛል። በልብሰ ተክህኖው ስር እጁን ሰዶ ስልክ ያወጣል። ዘርፉ ስክሪኑ ላይ እየወረደ ያስቸግረዋል፤ በትንሿ ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ውሃው ያነጣጥራል። እዚህ ላይ ኅብሩ ስልኩ አይደለም፤ ስልክ የያዘ ካህን ዛሬ አዲስ ነገር አይደለም። ኅብሩ ዘርፉን የምትገፋው ትንሿ ጣት ናት። ስለዚህ ፎቶው ከሩቅ በ85 ወይም በ135 ከደረት በላይ ተወስዶ ጣቷና ዘርፉ የሚታዩበት መሆን አለበት። በሰፊ ሌንስ ከተነሳ የጥምቀት ሕዝብ ሆኖ ይቀራል።

የጥር ፀሐይ ጎንደር ላይ የምትወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግንቡና ዛፎቹ ስለሚከልሏት ገንዳው ብርሃን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። እስከዚያ አይኤስኦ 1600 ወይም ከዚያ በላይ፣ ኤፍ 4 ያስፈልጋል። ለዚያ ሰዓት ያለው ትልቁ ሀብት ነጸብራቁ ነው፤ ውሃው ዝም ብሎ ሕንፃውን፣ ዥንጥላዎቹንና ሽቅብ የወጡትን ልጆች ገልብጦ ያሳያል። ፖላራይዘር ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ካለ ይውለቅ፤ የሚያጠፋው ይህንኑ ነጸብራቅ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ከዘለለ በኋላ ነጸብራቅ የለም። ያኔ 1/1000 ሴኮንድ፣ በላስቲክ ከረጢት የተሸፈነ ካሜራና ደረቅ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው።

ጎርጎራ ላይ ፀሐይዋ ሌላ ሥራ ትሰጣለች። ጎርጎራ የጣና ሰሜናዊ ዳር ስለሆነች ሐይቁን የሚያይ ሰው ወደ ደቡብ ያያል። በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትውል ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ታንኳውም ሰውም ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናሉ። ቅሬታ የሚሰማበት ጉዳይ ነው፤ ለንጽጽር ግን በረከት ነው፤ ቀለም ሲጠፋ ቅርጽ ይናገራልና። ከደንገል የተሠራው ታንኳ አፍንጫው ሽቅብ የተቆለመመ ነው፤ ከኋላው የሞተር ጀልባ አፍንጫውን አንስቶ ሲመጣ ሁለቱ በጥቁር ቅርጽ አባትና ልጅ ይመስላሉ። ፔሊካን ደግሞ ክንፉን ሲዘረጋ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 28.4 ሜትር ያለው የኪው 400 ክንፍ የዚህ ዘጠኝ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። አውሮፕላኑ 570 ሜትር ላይ ቢያልፍ 60 ሜትር ላይ ያለ ፔሊካን እኩያው ነው። ጎርጎራ ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ግን ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፤ 4 ኪሎ ሜትር ከሆነ ፔሊካኑ 420 ሜትር መራቅ አለበት፤ ያኔ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካልተያዘ ሁለቱም ነቁጥ ናቸው።

ውሃውን ከአውሮፕላኑ ጋር በአንድ ፍሬም በነጸብራቅ መያዝ የሚመኙ አሉ። 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚታይ አውሮፕላን ነጸብራቁ ከአድማስ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው የሚገኘው። ሁለቱን ለመያዝ 60 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በቁሙ የተያዘ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማለት ነው፤ በዚያ ሌንስ አውሮፕላኑ ፍርፋሪ ይሆናል። ነጸብራቁን ብቻ፣ በሁለት ታንኳ መካከል ሲያልፍ ማንሳት ይሻላል።

የሚያበላሹት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። የውሃ አድማስ አንድ ዲግሪ ካዘነበለ 6,000 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 105 ፒክስል ይወርዳል፤ ውሃው ወደ አንድ በኩል የሚፈስ ይመስላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መስመር ማብራት ይበቃል። የበጋ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ በኤፍ 16 ሰማዩ ላይ ጥቋቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣልና ሌንስ ሜዳ ላይ አይቀየር። ድምፅ የሌለው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ፕሮፔለሩን እንደ ሙዝ ያጎብጠዋል፤ የስልክ ካሜራም እንዲሁ። ሜካኒካሉን መጠቀም ነው። ቀትር ላይ በረጅም ሌንስ አስፋልት ወይም የሞቀ ሜዳ አሻግሮ ማንሳት አየሩ ስለሚርገበገብ ፎከስ የሳተ ያስመስላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ፈገግታው ከሁለቱ ነገሮች መገናኘት መምጣት አለበት እንጂ ከሰውየው መዋረድ አይደለም። ታቦት ለቀልድ አይነሳም። እርጥብ ልብስ የተለጠፈባት ሴት፣ ያለቀሰ ሰው፣ ለምኖ የሚበላ ሰው ንጽጽር አይደሉም። ከተነሳ በኋላ ሄዶ ማሳየት ይገባል፦ «እማማ፣ ይቺን ፎቶ አነሳሁዎት፤ ይፈቅዱልኛል?» እምቢ ካሉ ፊታቸው ማጥፋት። የሳቁ እንደሆነ ደግሞ ፎቶው መሥራቱን ከእሳቸው በላይ የሚመሰክር የለም፤ አሥር በአሥራ አምስት አሳጥቦ መመለስ ግዴታ ነው።

አዘዞ ሄዶ በአየር ማረፊያው አጥር ላይ ረጅም ሌንስ መደገን አይሞከር፤ ነገሩ ከፎቶ ያለፈ ጣጣ አለው። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም። ለዚህ ሥራ ሁለቱም አያስፈልጉም፤ አውሮፕላኑ ሩቅ መሆኑ ነው የተፈለገው።

የመጨረሻው አውሮፕላን ሲያልፍ ካሜራ ወደ ቦርሳ አይግባ። ቀጥሎ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ሺህ ሰው አንድ ላይ አንገቱን ያሻል። አንዱ በሁለት እጁ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ፣ አባት ትከሻው ላይ የተቀመጠውን ልጅ እግር ይዞ። 85ቱ፣ ኤፍ 5.6፣ 1/250፣ ከኋላ በኩል።